ጀልባ ላይ የቆሙ ሽማግሌዎች

ሎስ አንጀለስ ውስጥ በፌርፋክስ ጎዳና ካሉት ዓሣ አጥማጆች ሁሉ አንደኛው እኔ ነኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። የሚጠራጠር ካለ ከኦሎምፒክ እስከ ፒኮ ያሉትን ምግብ ቤቶች፣ ቅመማ ቅመም ቤቶችና ፀጉር ቤቶች በር በበር እየዞረ ይጠይቅ፤ የሚበልጠኝ አያገኝም። የማያገኘውም ሌላ ዓሣ አጥማጅ ስለሌለ ነው። እኔም ብሆን በዕድሜዬ ያጠመድኩት አንድ ቀን ነው፤ እሱንም አንድ ዓሣ። ቢሆንም አንደኛ አንደኛ ነው።

ነገሩን ያስታወሰኝ ያለፈው እሑድ ነው። ፍልሰታ ስለሆነ ከቅዳሴ የተመለሰው ሁሉ ነጠላውን እንዳደረገ ምግብ ቤቱን ሞልቶታል። እኛም መስኮቱ አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይዘናል። እኛ ማለት እኔ፣ ባለቤቴ ራሔል፣ አማቼ ጋሽ ደምሴና "ዓሣ ይጾማል አይጾምም" የሚለውን ክርክር በየዓመቱ እንደ አዲስ የሚያነሱት ጋሽ ታደሰ ነን። ጋሽ ታደሰ ሽሯቸውን እየጠቀለሉ አጥብቀው ይከራከራሉ። አማቼ አይከራከሩም፤ ዝም ብለው የተጠበሰ ዓሣ ያዝዛሉ። አስተናጋጇ ሙሉውን ዓሣ ከነጭንቅላቱ፣ ከነጅራቱ፣ ሎሚና ቃሪያ ከጎኑ አድርጋ አመጣችና መሐል ላይ አስቀመጠችው።

"እስቲ ዓሣ አጥማጁ ይፍረደን" አሉ ጋሽ ታደሰ ወደ እኔ ዞረው።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። የዓሣው ዓይን ወደ እኔ ነበር የዞረው።

ያኔ ወጣት ነበርኩ። ራሔል ይህን ስታነብ "ሠላሳ አራት ዓመት ወጣት ነው እንዴ?" እንደምትል አውቃለሁ፤ ግን ፀጉሬ ገና ከግንባሬ ጋር በፍቅር ይኖር የነበረበትን ዘመን ሌላ ምን ልበለው? ሚራክል ማይል ላይ ከአንድ ረጅም ሕንፃ ሥር የሰው መኪና ፓርክ አደርግ ነበር። በቀን ሺህ መኪና፣ ሲበዛም ሁለት ሺህ። ራሔል ሎንግ ቢች ውስጥ ነርስ ነበረች፤ አሁንም ናት። እንዴት እንደተዋወቅንና እንዴት እንደተዋደድን የጻፍኩ እንደሆነ ሦስት ትልልቅ መጽሐፍ ስለሚወጣው ይቅር። የእኛ ችግር ፍቅር አልነበረም። ችግሩ ጋሽ ደምሴ ነበሩ።

ጋሽ ደምሴ የዝዋይ ሰው ናቸው። ሐይቁ ዳር ተወልደው፣ በእግራቸው ከመሄዳቸው በፊት ታንኳ የቀዘፉ። ሎስ አንጀለስ ከመጡ በኋላ ሎንግ ቢች መጋዘን ውስጥ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ ወጡ። ዝምተኛ ናቸው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ አይስቁም። እኔ ሰው ካልሳቀልኝ ሆዴን ያመኛል። መጀመሪያ እቤታቸው የተጋበዝኩ ዕለት የማውቀውን ቀልድ ሁሉ ዶሮ ወጡ ሳይቀርብ ጨረስኩ፤ ዶሮ ወጡ ላይ የማላውቀውን መፍጠር ጀመርኩ። ሰውዬው ጉርሻቸውን ውጠው ቀና አሉ።

"የየት አገር ልጅ ነህ?"

"የሐዋሳ፣ ጋሼ።"

"የሐዋሳ? እንግዲያ ዓሣ ታጠምዳለህ።"

ያን ምሽት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊታቸው ላይ ብርሃን አየሁ። ብዙ አልነበረም፤ የክብሪት ያህል ነው። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ ጨለማ ውስጥ ሲደናበር የቆየ ሰው በክብሪትም ይታለላል።

"ጋሼ፣ እኔ ዓሣ ሳላጠምድ ቁርስ በልቼ አላውቅም" አልኳቸው።

ሐዋሳ ያደግሁት አክስቴ ዘንድ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሐይቁ ዳር ያለውን ዓሣ ገበያ በደንብ አውቀዋለሁ፤ ይህም እውነት ነው። ግን እኔና ዓሣ የምንተዋወቀው ጭንቅላቱ ከተቆረጠ፣ ቆዳው ከተገፈፈ፣ በዘይት ከተጠበሰና ዳጣ አጠገቡ ከተቀመጠ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ያለው የሕይወት ታሪኩ እኔን አይመለከተኝም ነበር። ገበያው በር ላይ አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ሽማግሌ የሚመስሉ ትልልቅ ወፎች፣ የዓሣ ጭንቅላት ሲሻሙ ሳይ እንኳ በሌላ መንገድ እዞር ነበር።

ሽማግሌ መላክ ጀመርኩ። አንደኛው እነዚሁ ጋሽ ታደሰ ናቸው። ግዙፍ ሰውነት ያላቸው፣ ዕድሜያቸውን በታክሲ የጨረሱ፣ እሳቸው ያልጠየቁት ልጅ አይዳርም የሚባልላቸው ሰው ናቸው። በተለይ ሳይቀመጡ መጠየቅ ላይ የሚስተካከላቸው የለም። አንድ ጊዜ ኢንግልዉድ ውስጥ አንድ ግትር አባት ዘንድ ሄደው፣ እሺ ሳይባሉ አንቀመጥም እንዳሉ ምሳም እራትም አልፎ፣ ሰውዬው እሳቸውን ማየት ደክሟቸው ነው ልጃቸውን የሰጡት ይባላል። ሁለተኛው ጋሽ ይልማ ናቸው፤ ፌርፋክስ ላይ ቅመም የሚሸጡ፣ ድምፃቸው ለስላሳ፣ ቅጥነታቸው ነፋስ ሲነሳ የሚያሳስብ። ሦስተኛም ነበረኝ፤ ሥራ አልለቅ ብሎት ቀረ።

ሽማግሌዎቼ ሁለት ጊዜ ሎንግ ቢች ሄዱ። መጀመሪያ ጋሽ ደምሴ "ተኝተዋል" ተባለ። ሁለተኛ "ወጥተዋል" ተባለ፤ ሳላቸው ግን ከጓዳ ይሰማ ነበር። ራሔልን ብጠይቃት እውነቱን ነገረችኝ።

"አባዬ እምቢ አላለም" አለችኝ። "'ይኼ ልጅ የሚናገረው ሁሉ ቀልድ ነው። የትኛው እውነት እንደሆነ በምን አውቃለሁ?' ነው የሚለው። እኔ ደግሞ እሱ እሺ ሳይል አላገባም። ካንተ የሚወድልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ዓሣ ማጥመድህን።"

በዚያው ሳምንት ጋሽ ደምሴ ራሳቸው ደወሉ። ሰላምታ አላስረዘሙም። "ወደ ሰሜን ጫካ ውስጥ ጥሩ ሐይቅ አለ ይላሉ። ዓሣ ካጠመድኩ ብዙ ዘመን ሆነኝ። አንተ ታውቅበታለህ፤ ውሰደኝ።"

ሌላ ሰው ቢሆን ይደነግጣል። እኔ ግን ስልኩን ሳልዘጋ ዕቅዴን ጨርሼ ነበር። ሰውዬው ከቤታቸው ይሰወራሉ፤ ከጓዳ ይሰወራሉ። ጀልባ ላይ ግን ወዴት ይሰወራሉ? ሽማግሌዎቹን አብሬ ይዤ እሄዳለሁ፤ ሐይቁ መሐል ሲደርሱ ይጠይቋቸዋል። ይህን ሐሳብ ሳስብ በራሴ በጣም ነው የኮራሁት። ጋሽ ታደሰም ሲሰሙት "ይኼ ጭንቅላት ፓርኪንግ ውስጥ ባከነ" አሉኝ።

ፍልሰታ በተፈታ ሳምንት ሌሊት ተነሳን። ወደ ሰሜን ለመሄድ መጀመሪያ ወደ ደቡብ፣ ወደ ሎንግ ቢች መውረድ ነበረብን፤ የቀኑ መበላሸት የጀመረው ከዚያ ነው። ከጓደኛዬ የተዋስኩት ሚኒቫን ኤሲ አለው ተብዬ ነበር። አለው፤ አይሠራም እንጂ። ሽማግሌዎቼ ደግሞ የለበሱትን ያየሁት ፌርፋክስ ላይ መብራት ሥር ሲቆሙ ነው። ጥቁር ሱፍ፣ ከረባት፣ ከላይ ነጠላ።

"ጋሼ፣ ዓሣ ልናጠምድ እኮ ነው የምንሄደው።"

"አንተ ዓሣ ታጠምዳለህ" አሉ ጋሽ ታደሰ። "እኛ ሥራ ላይ ነን።"

ጋሽ ደምሴ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። የላስቲክ ቦቲ፣ የሣር ባርኔጣ፣ በእጃቸው ያረጀ የማጥመጃ ዘንግ። ወደ መኪናው ጎንበስ ብለው ከረባቶቹን አንድ በአንድ አዩ።

"ለቅሶ አለ እንዴ?"

"ተራራው ይበርዳል ሲሉን ነው" አሉ ጋሽ ይልማ።

"በነሐሴ?"

"በነሐሴም ይበርዳል አሉ።"

ጋሽ ደምሴ እኔን አዩኝና ከፊት ገቡ። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ሳስታውስ እስከ ዛሬ ጀርባዬ ያልበኛል። በረሃው ገና በጠዋቱ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር። መስኮት ብንከፍት የሚገባው ነፋስ ከውስጡ የባሰ ነው። ጋሽ ታደሰ ከኋላ ሆነው "ሌን ቀይር"፣ "አሁን ኤግዚት አድርግ"፣ "ይኼ መንገድ ጠቋሚ ማሽን ውሸቱን ነው፣ እኔን ስማ" እያሉ ይነዱኛል። አንድ ቦታ ሰማኋቸው። በዚያ የተነሳ አንድ ሰዓት ያህል በማናውቀው መንገድ ሄደን፣ መንገዱ አንድ የተዘጋ የብረት በር ጋ አለቀ። ከበሩ ወዲያ አንዲት ላም ቆማ ታየናለች።

"ሶ፣ አሁን ምን እናድርግ ጋሼ?" አልኩ።

"መንገዱን ቀይረውት ነው" አሉ ጋሽ ታደሰ።

ጋሽ ይልማ ደግሞ ሞቀኝ ብለው ስለማያውቁ ነጠላቸውን በውሃ አርሰው ራሳቸው ላይ ጥለው ቁጭ አሉ። ያመጣነው ምግብ የፌርፋክስ የምስር ሳንቡሳና አምባሻ ነበር። ሳንቡሳውን ጋሽ ታደሰ ጭናቸው ላይ ይዘው አምስት እየበሉ አንድ ያድሉናል። እኔ በየኪሎ ሜትሩ አንድ ቀልድ እሞክራለሁ። ጋሽ ደምሴ ወደ መስኮቱ ዞረው ቡናማዎቹን ተራሮች ይቆጥራሉ።

ከዚያ መንገዱ መውጣት ጀመረ፤ ነፋሱም ተለወጠ። መጀመሪያ ሽታው ነው የመጣው፣ የጥድ ሙጫ ሽታ፤ ከዚያ ጥዱ ራሱ። እንዲህ ያለ ዛፍ አይቼ አላውቅም። ከመርዘማቸው የተነሳ ጫፋቸው ላይ የሌላ አገር ሰዓት ነው የሚቆጥረው። በግንዶቹ መሐል ሐይቁ ብልጭ፣ ጥፍት፣ ብልጭ እያለ ቆይቶ ድንገት ሙሉውን ተዘረጋ። ከተራራው ጀርባ ገና ያልቀለጠ በረዶ ነበር፤ በዚህስ ጋሽ ይልማ አልዋሹም። ጋሽ ደምሴ መኪናው በቅጡ ሳይቆም ወረዱ። ውሃው ዳር ተንበርክከው ፊታቸውን ታጠቡ፤ በእፍኛቸው ቀድተው ቀመሱ።

"የዝዋይ ውሃ ድፍርስ ነው" አሉ። "ዓሣውን አታየውም፤ በእጅህ ነው የምታውቀው። ይኼ እስከ ታች ያሳያል።"

ይህን ያህል በአንድ ጊዜ ሲናገሩ ሰምቻቸው አላውቅም።

ጀልባ የምታከራየው ሴትዮ መጀመሪያ ፈቃድ ማውጣት አለባችሁ አለች። ለጋሽ ደምሴ አስረዳኋቸው።

"ዓሣ ለማጥመድ ፈቃድ?"

"አዎ ጋሼ፣ ሕጉ ነው።"

"ዓሣው ፈቃድ አለው?"

ፊታቸውን አየሁት። ቀልድ ይሁን የምር ይሁን ምንም የሚለይበት ምልክት የለም። መሳቅ ልጀምር ስል ተውኩት።

ሴትዮዋ ለሁሉም ብርቱካን ቀለም ያለው ላይፍ ጃኬት ሰጠች። ከረባትና ነጠላ ላይ ላይፍ ጃኬት ሲደረብ ምን እንደሚመስል አልገልጸውም። የጋሽ ታደሰ አልዘጋ ብሎ በጋሽ ይልማ ነጠላ ጥለት ታሰረ። ጋሽ ደምሴ መቅዘፊያውን ይዘው ወደ እኔ ዞሩ።

"አንተስ? ግባ እንጂ።"

"እኔ ከዳር ነው የምወደው ጋሼ። ሐዋሳም ከዳር ነበር የማጠምደው።"

ሽማግሌዎቹም ምክንያቱን ሳይናገሩ ደገፉኝ፤ ልጅ ሲጠየቅ አግቢው በቦታው አይገኝም፣ ነውር ነው። ጋሽ ደምሴ በቆርቆሮ የያዙትን ትል ከፍለው ሰጡኝ። እኔ በሁለት ጣቴ ጫፍ ተቀብዬ "ፀሐይ እንዳይመታቸው" ብዬ ከድንጋይ ሥር አስቀመጥኩ። ጀልባዋ ስትርቅ ከሴትዮዋ በተከራየሁት ዘንግ መንጠቆ ላይ ከምሳዬ የተረፈ የሳንቡሳ ሊጥ ሰካሁበት፤ ክሩን ወደ ውሃው ወርውሬ ዘንጉን በሁለት ድንጋይ መሐል አቆምኩና የእንጨት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀመጥኩ። ከዚህ በላይ የዓሣ ጉዳይ አልነበረኝም። ጉዳዬ ያለው ጀልባዋ ላይ ነው።

ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ድምፅ እንደ ስልክ ነው። መሐል ሲደርሱ ጋሽ ደምሴ መቅዘፊያውን አሳርፈው መንጠቆ ሲያዘጋጁ፣ ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እዚህ ድረስ ሰማሁ። ደስ አለኝ። ከዚያ ያ ግዙፍ ሰው ነጠላቸውን አስተካክለው ሲቆሙ አየሁ።

"ጋሽ ደምሴ፣ ዛሬ እንኳ አያመልጡንም" አሉ። "ጉዳይ ይዘን ነው የመጣን።"

"ይቀመጡ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

"አንቀመጥም።"

"ጋሽ ታደሰ፣ ይቀመጡ። ጀልባ ነው።"

"ቤትም ቢሆን ጀልባም ቢሆን ልማዱ አንድ ነው። መልስ ሳናገኝ ከተቀመጥን ምኑን ሽማግሌ ሆንነው?"

ይኼኔ ነው የገባኝ። ያቀድኩት ሁሉ ጥሩ ነበር፤ ስለ ጀልባ አስቤያለሁ፣ ስለ ሽማግሌ አስቤያለሁ፤ ሽማግሌ ጀልባ ላይ ሲቆም ምን እንደሚሆን ግን አላሰብኩም። ጀልባዋ ወደ ግራ ዘመም አለች፤ ወደ ቀኝ ተመለሰች። ይህን ያየ ሰው ወዲያው ቁጭ ይላል። ጋሽ ይልማ ግን ባልደረባዬን ብቻውን አላስቆምም ብለው እሳቸውም ቆሙ።

"ልጁ ጨዋ ነው" አሉ በዚያ ለስላሳ ድምፃቸው፣ የጋሽ ታደሰን ትከሻ እንደ ምሰሶ ጨብጠው። "ሥራ አለው። ቀልድ ያበዛል እንጂ..."

"ተቀመጡ ብያለሁ፣ እንሰምጣለን።"

"እሺ ይበሉንና እንቀመጣለን" አሉ ጋሽ ታደሰ።

እኔ ዳር ሆኜ በንዴት ጣቴን እነክሳለሁ። መጮህ አልችልም፤ እዚያ የለሁማ። ልማዱ የለህም ይለኛል። አፌን በእጄ ይዤ ወዲህና ወዲያ ስል ከኋላዬ ዘንጉ ድንጋዩን መታ። ዞር ስል ጫፉ እስከ ውሃው ጎብጧል፤ ክሩ ይፋጫል። አንድ የአሜሪካ ዓሣ የፌርፋክስ ሳንቡሳ በልቷል።

የዚያን ዓሣ ትልቅነት ሌላ ቀን እነግራችኋለሁ። ዛሬ የምናገረው እውነቱን ስለሆነ፣ የክንድ ያህል ነበር እንበል፤ የልጅ ክንድ። ማጠንጠኛውን ያለ ምንም ዕውቀት አዞርኩት፣ አዞርኩት፣ እየጎተትኩ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ዓሣው ከውሃው ወጥቶ ሣሩ ላይ ወደቀ። ከዚያ ዘለለ። ወደ እኔ ዘለለ። እግሬ ሥር ሲደርስ ጃኬቴን አውልቄ ወረወርኩበት። ጃኬቱም መዝለል ጀመረ። ያን ጊዜ ጠረጴዛው ላይ ነበርኩ፤ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም።

ከሐይቁ መሐል የጋሽ ደምሴ ድምፅ ተራራውን መልሶ መላልሶ ሲያስተጋባው ሰማሁ። "ሰጥቻለሁ! ሰጥቻለሁ፣ ተቀመጡ!"

ተቀመጡ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ወገን። ጀልባዋ ጎኗን ለውሃ ሰጠች፤ የጋሽ ደምሴ ዘንግ፣ የሣር ባርኔጣውና የተረፈው ሳንቡሳ ከነከረጢቱ ሐይቅ ገባ። አልተገለበጠችም፤ ለምን እንዳልተገለበጠች የሚያውቁት የዝዋዩ ሰው ብቻ ናቸው። በሌላው ወገን ሙሉ ሰውነታቸውን አስተኝተው ያዟትና፣ ሽማግሌዎቹን በጫማቸው ውሃ እየቀዱ እንዲያፈስሱ አዘው፣ አንድም ዓሣ ሳይዙ ወደ ዳር መቅዘፍ ጀመሩ።

ጋሽ ታደሰ ገና ከሩቅ እጃቸውን አነሱ። "እንኳን ደስ አለህ" አሉ። ከከረባታቸው ውሃ ይንጠባጠባል። "ሰጥተውሃል፤ በራሳቸው አፍ..." ቀና ሲሉ ጠረጴዛ ላይ ቆሜ አገኙኝ።

ጋሽ ደምሴ ጀልባዋን ወደ ዳር ስበው መጡ። ጃኬቱን አዩት፤ አልፎ አልፎ ይነሳል። ገለጥ አደረጉት። ጎንበስ ብለው ዓሣውን በአንድ እጃቸው ያዙ፤ መንጠቆውን በአንድ ጣት አወለቁ። መንጠቆው ላይ የቀረውን አሸተቱ።

"ሳንቡሳ" አሉ።

"ጋሼ፣ ርዝመቱን ከላይ ሆኜ ልለካው ብዬ ነው" አልኩ።

ማንም አልሳቀም። 

"ውረድ" አሉኝ። ወረድኩ። ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረው፣ "የሰጠሁትን አንስቻለሁ" አሉ።

ጋሽ ታደሰ እንደ እሳት ነደዱ። ቃል ቃል ነው፣ ሁለት ምስክር ሰምቷል፣ በእሳቸው ዘመን እንዲህ ያለ ተደርጎ አያውቅም አሉ። ጋሽ ደምሴም "ሊሰምጥ ያለ ሰው የተናገረውን ልትይዙበት ነው?" ብለው ወደ መኪናችን ሄዱ። ዓሣውን በረዶ የያዘ ከረጢት ውስጥ ከትተው ከፊት ወንበር ሥር፣ ከእግሬ ጎን አስቀመጡት።

ያን መንገድ ለጠላቴ አልመኝም። ወንበሩ እርጥብ፣ ሱፉ የበግ ሽታ፣ ሽማግሌዎቹ ያኮረፉ፣ ኤሲው አይሠራ። በየጉድጓዱ ከረጢቱ እግሬን ነካ ባደረገ ቁጥር መሪው ከእጄ ይወጣል። አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ሦስተኛው ላይ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እያስጮኸ አለፈን።

"ፓርክ አድርግ" አሉ ጋሽ ደምሴ።

በረሃው ውስጥ መንገድ ዳር ቆምን። ፀሐይዋ ልትገባ ነበር። ሁለታችን ወረድን፤ ሽማግሌዎቹ መስኮቱን ዝቅ አድርገው አልሰማንም የሚል ፊት ይዘው ቀሩ።

"ዓሣ አጥምደህ ታውቃለህ?"

"አላውቅም ጋሼ።"

"ነክተህስ?"

"እንዲህ... ከተጠበሰ በኋላ።"

"ለምን ዋሸኸኝ?"

አሥር ቀልድ አፌ ድረስ መጣ፤ አንዱም አልወጣም። "ስላልሳቁልኝ ፈርቼ ነው" አልኩ። "ሌላ የሚወዱልኝ ነገር አልነበረኝም።"

"ራሔልን እወዳለሁ የምትለውስ? እሱስ ቀልድ ነው?"

"አይደለም።"

ሌላ ነገር ልጨምር ፈልጌ ነበር። ቢያንስ አንድ ጥሩ ዓረፍተ ነገር፤ ዕድሜ ልኬን እኮ ወሬ ነው ሥራዬ። አልመጣልኝም። ቆሜ ጫማዬን አየሁ። ጋሽ ደምሴ ወደ መኪናው ተመለሱ። የፊቱን በር ከፍተው ከረጢቱን ከእግሬ ጎን አነሱት፤ ተቀምጠው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ጭናቸው በበረዶው ውሃ እየራሰ፣ እስከ ሎንግ ቢች ድረስ በሁለት እጃቸው ይዘውት ሄዱ። አንድ ቃል አልተናገሩም። እኔም አልተናገርኩም፤ ራሔል ይህን እስከ ዛሬ አታምንም።

በሩን የከፈተችው እሷ ናት። ዓሣውን አየች፣ የረጠቡትን ሽማግሌዎች አየች፣ እኔን አየች።

"ማነው የያዘው?"

ጋሽ ደምሴ ከረጢቱን አቀበሏት።

"እሱ ነው የያዘው" አሉ። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረውም፣ "በሚቀጥለው እሑድ ቤቴ ኑ" አሏቸው። "የፈለጋችሁትን ያህል ቁሙ። መሬት ላይ ግን።"

መጡ፤ ጋሽ ታደሰ ቆሙ። ጋሽ ደምሴ ሁለት ሰዓት ሙሉ አስቁመዋቸው ነው እሺ ያሉት። አንዳንዴ ሰውዬው የሚስቁት በዚህ ዓይነት መንገድ ይሆን እላለሁ።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ፣ ጋሽ ታደሰ "ዓሣ አጥማጁ ይፍረደን" ብለው ጠረጴዛው ሲስቅ፣ አማቼ እንደ ሁልጊዜው ቢላዋ አነሱ። ጨዋታውን ሳያቋርጡ የዓሣውን ጭንቅላት ቆርጠው ወደ ራሳቸው ሳህን ወሰዱት፤ ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞሩት፤ ከመሐሉ አጥንት የሌለውን መርጠው እኔ ፊት አደረጉልኝ። ከሠርጋችን ጀምሮ እንዲህ ነው የሚያደርጉት። ፌርፋክስ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ጋሽ ደምሴ የዓሣ ጭንቅላት ነፍሳቸው እንደሆነ ያውቃል፤ አንዳንድ ምግብ ቤት እንዲያውም ለእሳቸው ብሎ ያስቀምጥላቸዋል። አይወዱትም። አንድ ቀን በልተውት አይቼ አላውቅም።

እኔ ዓሣ እፈራለሁ። የሚዘለውንም እፈራለሁ፣ ሳህን ላይ ተኝቶ የሚያየኝንም እፈራለሁ። ይኸው አርባዎቹን እያጋመስኩ ነው፤ በዕድሜዬ ያጠመድኩት አንድ ዓሣ ነው፤ እሱንም በእጄ አልነካሁትም።